አሮጌ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድር ነው?

በመምህራን ማኅበር በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር



ማኅበራችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ቀን ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ማስተማር ዘዴ ወይም ስለ መምህራን ኑሮ እናገር ዘንድ የጠበቃችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ ስለ ቤት፥ ይልቁንም ለሽያጭ ስለሚቀርብ አሮጌ ቤት ነው። «ይህ ነገር ለደላላና ለውል ጸሓፊ እንጂ ለአስተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን እስክደርስበት ድረስ በትዕግሥት እንዲጠብቀኝ እለምነዋለሁ። ለጊዜው ይህን ብቻ ልበል፤ የብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየተገነጠለ በገበያ ሲሸጥ ቢያይ የሚጮኽ አስተማሪ፥ ፊደሉ ድንጋይና እንጨት የሆነ መጽሐፍ እንዲሁ ሲበተን እያየ ዝም ሊል አይገባውም።

ስለ ቤት በጠቅላላው መናገር ስለ ሰው በጠቅላላው እንደ መናገር ነው፤ ብዙ ተነግሮ ጥቂት ይጨበጣል። ስለዚህ አንድ ከተማ እመርጣለሁ፤ እርሱም ሐረር፥ ከሐረርም በግንብ የተከበበው ጁገል ነው። ወደ ፍጻሜውም ግድም ስለ ላሙና ስለ ዛንዚባር ጥቂት እጨምራለሁ፤ የባሕሩ ዳር ጎረቤቶቻችን እኛ ዛሬ የቆምንበትን መንገድ ቀድመውን ስለ ተጓዙበት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

የጁገልን ግንብ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንዳሠሩት ታሪክ ይናገራል። አምስት ጥንታውያን በሮች ያሉት ሲሆን፥ በውስጡ የሚገኘው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መዘከሪያዎች እንደሚገኙ ዩኔስኮ ከተማውን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ገልጿል። ይኸው ድርጅት ከሐረር ቅርስ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ክፍል የቤቶቹ የውስጥ አሠራር መሆኑንም መስክሯል። ልብ አድርጉ፤ የተደነቀው የውስጥ አሠራሩ ነው። በጁገል ጠባብ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ የሚያየው ኖራ የተቀባ ግድግዳና የግቢ በር ብቻ ነው። ቤቱ ጀርባውን ለመንገድ፥ ፊቱን ለግቢው ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። የሐረሪ ቤት ለአላፊ አግዳሚ የሚታይ ጌጥ የለውም፤ ጌጡን ያስቀመጠው ጫማውን አውልቆ ለሚገባ ሰው ነው።

እንግዲህ እኛም ጫማችንን አውልቀን እንግባ። ሐረሪዎች ይህን ቤት ጌይ ጋር ይሉታል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከግቢው እንደ ገባን የምናገኘው ዋናው ክፍል ጊድር ጋር ይባላል፤ ትልቁ ቤት ማለት ነው። በዚህ ክፍል ወንበር የለም፤ ወንበሩ ራሱ ወለሉ ነው። ወለሉ ነደባ በሚባሉ መደቦች ተከፍሎ፥ አንዱ ከሌላው ከፍና ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። ልማድ የሚያውቃቸው ነደቦች አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ነው፤ ከዚያ ሆኖ ወደ በሩ የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ጊድር ነደባ ሰፊው መደብ ሲሆን፥ ከእርሱ ጀርባ ከፍ ብሎ ገባ ያለው ሱትሪ ነደባ ነው፤ ስሙም ሽሽግ መሆኑን ያመለክታል። ትንሹ መደብ ጢት ነደባ ይባላል። ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ ገብቲ ኧሔር ነደባ ይባላል። ሰው ሁሉ እንደ ዕድሜው፥ እንደ ዕውቀቱና እንደ ዝምድናው ስፍራውን ያውቃል፤ «ወዲህ ተቀመጥ፥ ወዲያ ሂድ» የሚል አስተናባሪ አያስፈልገውም። ቤቱ ራሱ አስተናባሪ ነው።

ከጊድር ጋር ጎን ኪርታት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሙሽራይቱ የመጀመሪያዎቹን የጫጕላ ቀናት የምታሳልፈው በዚሁ ክፍል ነው። ዴራ የሚባለው ደግሞ የዕቃ ማኖሪያ ነው። በላይ ያለው ሰገነት ቃላ ይባላል፤ ቀድሞ እህልና ዕቃ ይቀመጥበት ነበር፤ በኋላ ዘመን ግን በብዙ ቤቶች መኖሪያ ሆኗል። አንዳንዱ ቤት ከጎኑ ጢት ጋር፥ ማለት ትንሽ ቤት፥ ተቀጥሎለት ለዘመድ ወይም ለተከራይ ይሆናል።

ወደ ግድግዳው ስንመለከት ጣቄት የሚባሉትን መስኮት መሰል ጎድጓዶች እናገኛለን። ከግድግዳው ውፍረት ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩ ስለ ሆኑ ከክፍሉ ስፋት አንዲት ስንዝር አይወስዱም። በእነርሱ ውስጥ ቅዱስ ቍርኣን፥ መጻሕፍትና የከበሩ ዕቃዎች ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይና በዙሪያው የቤቱ እመቤትና ሴቶች ልጆቿ በእጃቸው የሠሯቸው ስፌቶች፥ ጥቁር የእንጨት ገበታዎችና ሣህኖች በሥርዓት ይሰቀላሉ። ወለሉና የነደቦቹ ጠርዝ በቀይ አፈር ይቀባል። ይህ ቀለም በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ሲሉ የሚናገሩ ሽማግሎች አሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍም በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። እነዚህን ታሪኮች አንዱ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ ያወራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ቀለሙም፥ ምንጣፉም፥ መደቡም ንግግር መሆናቸውን የሚክድ የለም።

አሁን ደግሞ የአናጺውንና የግንበኛውን ጥበብ እንይ። ግድግዳው ከአካባቢው በተፈለጠ ድንጋይና በጭቃ የተሠራ፥ ወፍራም፥ በኖራ የተለበጠ ነው። ጣሪያው ቀጥ ባሉ ወራጅ እንጨቶች ተደርድሮ በላዩ አፈር የተደለደለበት ነበር፤ ዛሬ በብዙዎቹ ላይ ቆርቆሮ ገብቷል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ሌሊትም ቀስ ብሎ ይለቃል። ጭቃና ኖራ ደግሞ ዝናብ ያገባባቸውን ርጥበት ወደ ውጭ ያተናሉ። የክፍሉ ወርድ የሚወሰነው በተገኘው ወራጅ ርዝመት ነው። እንግዲህ ክፍሉ ጠባብ የሆነው አሠሪው ድኻ ስለ ነበረ አይደለም፤ የእንጨቱን ጕልበት የሚያውቅ ሰው ስለ ሠራው ነው። ያልተማረ የምንለው ግንበኛ ይህን ሁሉ ያለ ንድፍ ወረቀት በዐይኑና በክንዱ ለክቶ ሠርቶታል።

ጁገል ግን አንድ ዓይነት ቤት ብቻ ያለበት ከተማ አይደለም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ሌላ ዓይነት ቤት አመጡ፤ አራት ማዕዘን፥ ባለ ሁለት ደርብ፥ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት የእንጨት ሰገነት ያለው ነው። የጌይ ጋር ጌጥ ወደ ውስጥ የተሸሸገ ሲሆን፥ የሕንዱ ቤት ጌጥ ግን በተፈለፈለ እንጨት ወደ ውጭ ይታያል። ከዚያም ከሁለቱ የተዋለደ ሦስተኛ ዓይነት ተገኘ። ከነዚህ ከሕንድ ሠራሽ ቤቶች እጅግ የታወቀው «የራምቦ ቤት» የሚባለው ነው። የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ከ1873 እስከ 1883 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ በሐረር መኖሩ እርግጥ ነው፤ ቤቱ ግን ከእርሱ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ይህን የምናገረው የቤቱን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ አንድ ቤት የሚከበረው ትልቅ ሰው ስላደረበት ብቻ እንዳይመስለን ነው። ይህ ቤት ራምቦ ባያድርበትም በእንጨት ሥራው ብቻ ሊጠበቅ ይገባዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቤቱ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሽያጩ እገባለሁ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ሲታወጅ፥ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የነበረው ሰው ትርፉ ተወረሰበት። በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ እንደ ሆነው፥ በጁገልም በመንግሥትና በቀበሌ እጅ የገቡ ቤቶች ለተከራይ ተሰጡ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ለብዙዎች ተከፋፈለ። በኋላም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጎ፥ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ቤት ግን ለመሸጥና ለማውረስ መብት ሰጠው። ስለዚህ ዛሬ በጁገል አንድ ቤት ሲሸጥ፥ በሕግ ፊት የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም።

ነገር ግን ገዢው የሚከፍለው ለምንድር ነው? ዋጋ ሲነጋገሩ ብትሰሙ፥ ቦታው ለመንገድ ምን ያህል ይቀርባል፥ ስንት ካሬ ሜትር ነው፥ ውሃና መብራት ገብቷልን፥ ፎቅ መጨመር ይቻላልን የሚል ነገር ትሰማላችሁ። «ነደቦቹ አምስቱም አሉን? ጣቄቶቹ አልተደፈኑምን? በሩ የጥንቱ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ በዚህ ምክንያት ዋጋ የሚጨምር ሻጭም ጥቂት ነው። እንግዲህ የማይሸጠው መሬት ዋጋ አገኘ፤ የሚሸጠው ቤት ግን እንደ ፍርስራሽ ተቈጠረ። ይህ ነው የነገሩ ሥር።

ሻጩን ለመውቀስ የምንቸኵል ከሆነ ግን እንሳሳታለን። ሰው የአባቱን ቤት የሚሸጥበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሦስት አይወጣም። አንደኛው ውርስ ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች አንዱን ጊድር ጋር ሊቈራርሱት ስለማይችሉ ሸጠው ገንዘቡን ይከፋፈላሉ። ሁለተኛው የጥገና ወጪ ነው፤ ኖራው በየጊዜው መታደስ፥ ጣሪያው መጠበቅ፥ የበሰበሰው ወራጅ መለወጥ አለበት፤ ይህን ጥበብ የሚያውቅ ግንበኛም እያነሰ ሄዷል። ሦስተኛው ስደት ነው፤ ልጆቹ በካናዳ፥ በአሜሪካና በዐረብ አገሮች ኑሯቸውን መሥርተው ሲቀሩ፥ ያረጀች እናት ትልቁን ቤት ብቻዋን ልትጠብቅ አትችልም። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ «ቅርስ ነውና አትሽጥ» በሚል ስብከት የሚመለሱ አይደሉም። የተቸገረን ሰው ቤቱን እንዳይሸጥ ከልክሎ ጣሪያው በላዩ እስኪወድቅ መጠበቅም ቅርስን መጠበቅ አይባልም።

ጥያቄው እንግዲህ ቤቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ አይደለም። ቤት ከጥንትም ሲሸጥ ሲለወጥ የኖረ ነገር ነው። በእስልምና ሕግ ሹፍዓ የሚባለው መብት ባለ ድርሻው ከባዕድ ገዢ በፊት እንዲገዛ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ሐነፊዎች ይህን ቅድሚያ ለጎረቤትም ያደርሱታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የቀዳሚ ገዢነት መብትን ያውቃል። የቀድሞ ሰዎች ሽያጭን አልከለከሉም፤ ሽያጩ ግን ጉርብትናን እንዳያፈርስ አጥር አበጁለት። ዛሬ የሚያስፈልገን ሽያጩ ቤቱን እንዳያፈርሰው የሚከለክል እንደዚያ ያለ አጥር ነው።

ከሽያጭ በኋላ ቤት የሚፈርሰው እንዴት ነው? በመፈንቅል ብቻ አይምሰላችሁ። አንዱ ገዢ ወንበርና ሶፋ ለማስገባት ነደቦቹን ደልድሎ ወለሉን በሲሚንቶ ያስተካክላል። ሌላው ጣቄቶቹን ደፍኖ ቁም ሣጥን ያቆማል። ሌላው ግድግዳው እንዲጠነክር አስቦ በጭቃና በድንጋይ ላይ ሲሚንቶ ይለስናል። ይህ የመጨረሻው በበጎ ሐሳብ የሚደረግ ስለ ሆነ ይልቁን ያሳዝናል። ሲሚንቶ ርጥበትን አያሳልፍም፤ ከመሠረት የወጣው ወይም ከጣሪያ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ በውስጥ ጭቃውን ያላሽቀዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ ይነቀላል፥ ግድግዳውም ያብጣል። በዚያን ጊዜ «አሮጌ ቤት መቼም አይረባም» ይባላል፤ ቤቱን የገደለው ግን መድኃኒቱ ነው። ሌላው ደግሞ የተፈለፈለውን በር ነቅሎ ለብቻው ይሸጣል፤ በሩ በአንድ ሀብታም ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የማይገባበትና የማይወጣበት በር ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ሕጋችን ዝም ያለ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቍጥር 1131 ጀምሮ ስለ አንድ ነገር ክፍሎች ሲናገር፥ በልማድ የዚያ ነገር ክፍል ሆኖ የሚቈጠረው ሁሉ፥ እንዲሁም ነገሩን ሳያበላሹ ሊለዩት የማይቻለው ሁሉ ከነገሩ ጋር አንድ መሆኑን ይደነግጋል። «በልማድ» የሚለውን ቃል አስተውሉ። በሐረሪ ልማድ ነደባና ጣቄት የሌለው ቤት ጌይ ጋር አይባልም፤ እንግዲህ እነዚህ በሕግም የቤቱ አካል ናቸው ብሎ ለመከራከር በቂ መነሻ አለን ማለት ነው። ደግሞም ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ ይከለክላል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው በውሉ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። ውሉ «ባለ ሦስት ክፍል የድንጋይ ቤት» ብሎ ካለፈው፥ በኋላ የጠፋው ነደባ መኖሩን ማን ይመሰክራል?

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን እንሻገር። በኬንያ ዳርቻ የምትገኘው ላሙ በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቤቶቿ ከባሕር ድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ ወራጆቻቸውም ከባሕር ዳር የሚቈረጥ የማንግሮቭ እንጨት ነው። የእንጨቱ ርዝመት የክፍሉን ወርድ ስለሚወስነው፥ ክፍሎቹ ጠባብና ረዣዥም ሆነው አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረዋል፤ ከእንግዳ መቀበያው ወደ ሽሽጉ ክፍል ደረጃ በደረጃ ይገባል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይም ዚዳካ የሚባሉ ብዙ ጣቄት መሰል ጎድጓዶች ይታያሉ። ሐረርንና ላሙን የሚለያያቸው ርቀት ብዙ ነው፤ አንዱ ተራራ ላይ፥ አንዱ ባሕር ላይ ነው። ሆኖም ሁለቱም እንግዳን እስከ የት ማስገባት እንደሚገባ በግንብ ጽፈውታል።

በላሙ ደሴት ላይ ካለፉት አምሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች አሮጌ ቤቶችን እየገዙ አድሰዋል። ከዚህ ሁለት ፍሬ ተገኘ። መልካሙ ፍሬ፥ ሊወድቁ የነበሩ ቤቶች ቆሙ፤ የኖራ ለሳኞችና የእንጨት ፈልፋዮች ሥራ አገኙ። መራራው ፍሬ ደግሞ፥ ዋጋው ከፍ ብሎ የአገሩ ተወላጅ አባቱ በኖረበት ሰፈር ቤት መግዛት አቃተው፤ አንዳንዱም ቤት ባለቤቱ ለዕረፍት እስኪመጣ ድረስ ተቈልፎ ይከርማል። ግድግዳው ዳነ፤ በግድግዳው ውስጥ የነበረው ኑሮ ግን ወጣ። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ስለ ጸደቀ፥ የላሙ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የዛንዚባር ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። ከጥር 1956 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በድንጋይ ከተማዋ የነበሩ ብዙ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ተሰደው ወይም ተወርሰው በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ቤቶቹ በአነስተኛ ኪራይ ለብዙ ሰው ተከፋፈሉ፤ ጠጋኝም አጡ። በ1977 ዓ.ም. ለጥበቃው አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1993 ዓ.ም. ከተማዋ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ይህም ሁሉ ሆኖ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. «የድንቅ ቤት» የሚባለው ታላቁ የሡልጣን ሕንጻ በእድሳት ላይ ሳለ ከፊሉ ተደረመሰ፤ ሰውም ሞተ። ከላሙ የምንማረው ገንዘብ ብቻውን ቤትን አድኖ ባለቤቱን ሊያስወጣ እንደሚችል ነው። ከዛንዚባር የምንማረው ደግሞ፥ ባለቤት የሌለው ቤት በመዝገብ ብቻ እንደማይቆም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ እኔም ከብዙ ወጣቶች ሰምቼዋለሁ። «ሰው በሰማይ ጠቀስ ፎቅ በሚኖርበት ዘመን፥ እኛ በጠባብ መንገድና በጨለማ ክፍል እንድንቀር ትፈልጋላችሁን? መጸዳጃ ቤትና የውሃ ቧንቧ አያሻንምን?» ይላሉ። ቃላቸው ከባድ ነው፤ በንቀት ሊመለስ አይገባውም። መልሴ ይህ ነው። ውሃና መብራት የማይገባበት ጌይ ጋር የለም፤ ቧንቧው በግቢው በኩል፥ መጸዳጃውም ከዋናው ክፍል ውጭ ቢሠራ፥ ነደባም ጣቄትም አይነካም። አባቶቻችንም ቢሆኑ የአፈሩን ጣሪያ በቆርቆሮ ለውጠዋል፤ የሕንዱንም ሰገነት ተቀብለው ከራሳቸው ጋር አዋሕደዋል። ሕያው ቤት ይለወጣል። ነገር ግን ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሲለውጠው አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ የማያውቀው ሰው ሲለውጠው ደግሞ የማይተካውን ያጠፋል። የሁለቱ ልዩነት ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ወደ መምህራን መጣ ማለት ነው። አስቀድሞ የጠየቀኝም ሰው መልሱ ይኸው ነው።

አስተማሪ ቤት ለመግዛት ገንዘብ፥ ሽያጭ ለማገድም ሥልጣን የለውም። አራት ነገሮች ግን በእጁ ናቸው።

አንደኛ፥ መለካትና መሣል ነው። የሂሳብ መምህር ስፋትንና ይዘትን ሲያስተምር፥ በመጽሐፍ የተሣለውን ሣጥን ትቶ ተማሪዎቹን በባለቤቱ ፈቃድ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ይውሰዳቸው። የነደባውን ከፍታ፥ የግድግዳውን ውፍረት፥ የወራጁን ቍጥርና ርዝመት ይለኩ። የሥዕል መምህሩም ንድፉን ያስነሣቸው። አንድ ሜትር፥ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ከበቂ በላይ ነው። ትምህርት ቤት በየዓመቱ አምስት ቤት ቢመዘግብ በሃያ ዓመት መቶ ቤት ይሆናል። ቤቱ ቢሸጥና ቢፈርስ እንኳ ልኩ ይቀራል፤ ልኩ ካለ ደግሞ አንድ ቀን የሚመልሰው ሰው ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ስሞቹን መጻፍ ነው። ኪርታትን «ጓዳ»፥ ነደባን «መደብ» ብለን በዐማርኛ ብንተረጕመው ግማሹን ትርጕም ጥለን መሄዳችን ነው። ተማሪው ከአያቱ የእያንዳንዱን ክፍል ስም፥ ማን በዚያ እንደሚቀመጥ፥ በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ምን እንደሚደረግበት ጠይቆ በራሱ ቋንቋ ይጻፈው። በሐረር የምናስተምር ሌሎች ኢትዮጵያውያንም በዚህ ትምህርት መምህሮቹ እኛ ሳንሆን የልጆቹ አያቶች መሆናቸውን ማወቅ ይገባናል።

ሦስተኛ፥ የግንበኛውን ክብር መመለስ ነው። ኖራ አዋሕዶ መለሰን፥ ወራጅ መርጦ መደርደር፥ በር መፈልፈል የሚያውቁ አዛውንት ዛሬም አሉ። በእጅ ሥራ ትምህርት ሰዓት እንደ አንድ ክቡር እንግዳ መምህር ተጠርተው ቢያሳዩ፥ ልጁ እጅን ማቈሸሽ ውርደት አለመሆኑን ያያል፤ ምናልባትም አንዱ ልጅ ሙያውን ይወርስ ይሆናል። ቤትን የሚጠብቀው በመጨረሻ አዋጅ አይደለም፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ማግስት የሚጠራው ሰው ነው።

አራተኛ፥ ምስክርነት ነው። በመንደሩ ውል የሚጽፈው፥ ደብዳቤ የሚያነበው፥ በሽምግልና የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ አስተማሪ ነው። እንደዚህ ያለ ውል በፊቱ ሲቀርብ፥ ከሻጭና ከገዢ ጋር በመስማማት የቤቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች አንድ በአንድ እንዲዘረዘሩ ይምከር፤ «ነደባ አምስት፥ ጣቄት ይህን ያህል፥ የተፈለፈለ በር አንድ፥ የጥንት ወራጅ ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ለሻጩም ጥቅም አለው፤ የተቈጠረ ነገር ዋጋ ያገኛልና። ገዢውም የገዛውን ያውቃል። ለማደስ ሲነሣም ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ከመጀመሪያው ይረዳል።

ይህ ምክር ለጁገል ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳና በአካባቢው በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲነሡ አይተናል። ስለ ሥራው ጥቅምና ጕዳት የተለያየ አስተያየት አለ፤ የዛሬ ንግግሬ ዳኝነት ለመስጠት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ከእነዚያ ቤቶች መካከል በአቅራቢያቸው በነበረ ትምህርት ቤት ተለክተውና ተሥለው የተቀመጡት ስንቶቹ ናቸው? እያንዳንዳችን በየትምህርት ቤታችን ዙሪያ ያሉትን አሮጌ ቤቶች አስበን ይህን ጥያቄ ለራሳችን እንመልስ። በጎንደር፥ በአድዋ፥ በጅማ፥ በድሬዳዋ የምታስተምሩ ሁሉ የየራሳችሁ ጁገል አላችሁ።

የትምህርት ሹማምንት ሆይ፥ ከእናንተ የምንለምነው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ለሚለኩበት ሰዓት ፈቃድ፥ የተሣለውም ሥዕል በአይጥ እንዳይበላ አንድ ሣጥን፥ በየትምህርት ቤቱም የሚቀመጥ አንድ መዝገብ ነው።

እንግዲህ በርእሱ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስና ልጨርስ። አሮጌ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ድንጋዩና እንጨቱ ነው፤ ይህ የባለቤቱ መብት ነው። ሽማግሌ የት እንደሚቀመጥ፥ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር፥ ሙሽራ እንዴት እንደምትሸሸግ፥ መጽሐፍ ከዕቃ ሁሉ በላይ እንደሚቀመጥ የሚያስተምረው ሥርዓት ግን ዋጋ ስላልወጣለት በነጻ አብሮ ይሄዳል። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ገዢው ቍልፉን ይቀበላል፤ ሥርዓቱን ተቀብሎ የሚያኖረው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛ ሰው አስተማሪ እንዲሆን እመኛለሁ።